ሙሽራው ቅድመ አያት የሆነ ዕለት

ኤክሴል የሚባለው ነገር ለሒሳብ ሠራተኞች ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። እናንተስ? ፍኖተ ሰላም ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሰው በኤክሴል የማይሠራው ነገር ያለ አይመስለኝም።

የወንድሜ ልጅ ዘመናይ ቡሬ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሥልጠና ላይ በኤክሴል ፍሎቻርት መሥራት አስተማሯት። ፍሎቻርት ማለት ምን መሰላችሁ፤ ነገሩን በሣጥን በሣጥን ትከፋፍሉና ከአንዱ ወደ ሌላው በቀስት ትሄዳላችሁ። አንዳንዱ ሣጥን በጫፉ ቆሞ ይጠይቃል። «አዎ» ካላችሁ በዚህ፣ «አይ» ካላችሁ በዚያ። ለዚህ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም የለም ወይ ብላት፣ አለ፣ ግን እጄ የለመደው ኤክሴልን ነው አለችኝ። በማንኪያ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰውም እንዲሁ ሳይል አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ሁሉን ነገር ቀስት አደረገችው። ለዶሮ ወጥ እንኳ ሠርታለታለች። ሽንኩርቱ በስሏል? «አይ» ካላችሁ ቀስቱ ወደ ማማሰል ይመልሳችኋል። ሳቅሁባት። የጋብቻዋ ነገር ሲመጣ ግን ሳቄ አለቀ።

በእኛ አገር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ መንገድ ላይ የጋራ አያት ከተገኘ ነገሩ ቀረ። ይህን ቆጠራ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አንድ የዱርቤቴ ሰው ጠየቀኝ። እኔም ወደድኩት። ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ ሲቆጥሩ በእኛ በኩል የስድስተኛውን ስም አጡት። ያልታወቀ አያት የጋራ እንዳይሆን ያሠጋል፣ ይቅር አሉ። ቀረ። እኔም ብዙ ሳልቆይ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ በሰው አገር ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሳነብ አርጅቼ ተመለስኩ። አንድ ስም ሲጠፋ ሰውን ይህን ያህል መንገድ ያስኬዳል።

የቆጠራው ቀን ዘመናይ የሁለቱን ዘር በፍሎቻርት አሳትማ መጣች። በግራ የእሷ፣ በቀኝ የሙሽራው። ሙሽሮቹ ከላይ፣ አያቶቹ ከታች፤ ግርጌው ላይ በጫፉ የቆመ ሣጥን «ይገናኛሉ?» ይላል። ኤክሴል ግን ሥዕሉን አራት ቦታ ቆራርጦ በአራት ወረቀት አውጥቶታል። ከገበዝ ማርያም የመጡት የሙሽራው አጎት አያ ታረቀኝ ወረቀቶቹን በተራቸው፣ ሁለቱን ከላይ፣ ሁለቱን ከታች አድርገው ምንጣፉ ላይ ዘረጓቸው። ቀስቱን በከዘራቸው ጫፍ እየተከተሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ዘመናይ። አባቷ። አያቷ። ከአያቷ የወረደው ቀስት ወደ ታችኛው ወረቀት ተሻገረና ሙሽራው ራስ ላይ አረፈ።



«ልጃችን ይህን ያህል ማርጀቱን አልነገረንም» አሉ አያ ታረቀኝ።

«ለዕድሜው ጥርሱ ደኅና ነው» አለ ወንድሜ።

ወረቀቱ ተነሣ፣ ተገለበጠ፣ ዳግም ተዘረጋ። አሁን ደግሞ ወንድሜ አባት አጣ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ላግዝ ተነሣሁ፤ ባገዝኩ ቁጥር ባሰበት። ከነገሩ ጦም እደሩ ያለው ሰው ይህን አይቶ መሆን አለበት። በመጨረሻ ዘመናይ ከጓዳ ወጥታ፣ ሁለተኛው ወረቀት ከአንደኛው ጎን ሳይሆን ከሥሩ ነው የሚገባው ብላ አስተካከለችው። ሁለቱ ዘሮች ሳይነካኩ ቁልቁል ወረዱ። እፎይ ልንል ስንል ከዘራው ቆመ። በእኛ በኩል ሰባተኛው ሣጥን ባዶ ነው።

«የዚህ ስም ማነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኛ። «እትዬ ታውቃለች፤ ያላነበበችው የለም» አለ ወንድሜ።

«ይንገሩን እንጂ፣ እትዬ» አሉ አያ ታረቀኝም።

የሩቅ አገር ነገሥታትን ከነአልጋ ወራሾቻቸው እቆጥርላችኋለሁ። የራሴን አያት ግን አላውቅም። ስም ልፍጠር? ዘመናይ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠመጥም አየኋት። እኔም ያን ጊዜ፣ የእኔ ሲቆጠር፣ እንደዚያው ስጠመጥም ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። ያችኑ አውቶቡስ በእጄ የጠራሁላት መሰለኝ።

አያ ታረቀኝ ባዶውን ሣጥን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ከዚህ የሚወጣ ቀስት የለም። ቀስት ከሌለው ወዴት ሄዶ ይገናኛል? አልተገናኙም። እግዜር ይባርካቸው።»

እልልታው ቀለጠ። እኔ ብቻ ግራ ገባኝ። አያ ታረቀኝን ወደ ጥግ ጠርቼ የእኔን ታሪክ ነገርኳቸው። የጠፋው ስም ያው ነው፣ ለእኔ ስድስተኛ፣ ለእሷ ሰባተኛ፤ ታዲያ የእኔ ለምን ቀረ አልኳቸው። ከልባቸው አሰቡበት።

«ያን ጊዜ እኮ ሣጥን አልነበረም፣ እትዬ።»

ጓዳ ገብቼ ዘመናይን፣ ለእኔም አንድ ሣጥን ሥሪልኝ አልኳት።

«ምን ልጻፍበት፣ አክስቴ?»

ባዶውን ተዪው አልኳት።