የሶማሌ ተራው የዝምድና ሚኒስትር

በየሰፈሩ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል ሰው የማያሳልፍ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ለመርካቶዋ ሶማሌ ተራ የደረሷት ጋሼ ጃፋር ናቸው። ክቡር የዝምድና ሚኒስትሩ የመኪና ዕቃ ይሸጣሉ ይባላል እንጂ፣ ልጃቸው ኢክራ እንደምትለው ዋና ሥራቸው ዘመድ መፈለግ ነው።

የፍሬን ሸራ ሊገዛ የገባ ሰው አባቱን፣ አያቱንና የእናቱን መንደር ሳይናገር ዋጋ አይሰማም። «ቆይ እስቲ፣ የዚያ የቡታጅራው ባለወፍጮ…» ይሉና ስልክ ያነሳሉ። አንድ ጊዜማ ስልኩን ራሱን የመነተፋቸውን ልጅ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አባረው ያዙትና፣ እያለከለኩ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ ስልኩን የመለሰው ዱላ ፈርቶ አይደለም፤ እናቱን እንደሚያውቋት ሲገባው ነው። ኢክራ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ከአገር ቤት፣ ጋሼ ጃፋር ከተወለዱበት መንደር፣ ክፉ ወሬ መጣ። አንድ ኩባንያ በመንደሩ ጀፎረ ላይ መጋዘን ሊሠራ ችካል ተክሏል። ጀፎረ በቤቶቹ ደጅ የተንጣለለ፣ ማንም የማያጥረው የጋራ ሣር ሜዳ ነው፤ ሙሽራ የሚገባበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚፈርድበት። እሱ ከሄደ መንደሩም ሄደ ማለት ነው። የመንደሩ ሰዎች «መርካቶ ያለውን ጃፋርን ሳታናግሩ አይሆንም» ብለው ኩባንያውን መለሱት።

ኩባንያውም ይድነቃቸው የሚባል፣ ላፕቶፕ ያነገበ ዘናጭ ወጣት ላከ።

«ጋሼ፣ ልማት ነው። ለወጣቱ ሥራ ይከፍታል። የቀረን የእርስዎ ስምምነት ብቻ ነው።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«ይድነቃቸው እባላለሁ።»

«ስምህንማ ሰማሁ። የማን ነህ?»

«ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?»

«ደጃችንን ልትዘጋ መጥተህ! ለማን አቤት ልበል ታዲያ?»

ይድነቃቸው ላፕቶፑን ከደነ። «አላውቅም» አለ። «ሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደግኩት።»

«አባዬ፣ በቃ!» አለች ኢክራ፣ ፊቷ እሳት መስሎ።

ጋሼ ጃፋር ግን መች በቃቸው! ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አልተያዝክም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀህ ሁሉ የጃፋር ነኝ በል። ልጅ ደግሞ በአባቱ ደጅ መጋዘን አይሠራም። ችካሉን ንቀል።»

ርኅራኄ ይሁን ንግድ፣ ኢክራ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ልጁ ተቆጥቶ ወጣ። ኩባንያውም ቀያሾቹን ወደ መንደሩ ላከ። ጋሼ ጃፋር ለቀብር ካልሆነ የማይዘጉትን ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ዘጉና፣ የአገራቸውን ልጆች በአውቶቡስ ጭነው ጀፎረው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ዘረጉ እንጂ አልተነሡም። ቀያሽ በመጣ ቁጥር ሣሩ ላይ ያስቀምጡትና ጥያቄያቸውን ይጀምራሉ። አንዱ ቀያሽ ከመንደሩ ጋር በጋብቻ ተዛምዶ፣ ምሳ በልቶና ተመርቆ፣ ገመዱን ሳይዘረጋ ተመለሰ።

በመጨረሻ ኩባንያው አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጭንጫ መሬት ዞረ። ያን ቦታ አጥንቶ ያቀረበው፣ አለቆቹንም የሞገተው ይድነቃቸው እንደነበር ኢክራ የሰማችው ቆይታ ነው።

ለአረፋ መርካቶ ግልብጥ ብሎ አገር ቤት ገባ። ይድነቃቸውም በጋሼ ጃፋር ጥሪ መጥቶ ጀፎረው ላይ እንደ እንግዳ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ክንዱን ያዙት።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ይድነቃቸው አቀረቀረ። ጋሼ ጃፋር ወዲያ ማዶ ሌላ ሰው ይዘው ይመረምራሉ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ጥያቄ ስታፍር የኖረችው ኢክራ ሮጣ ደረሰች።

«የጃፋር ነው፣ እማማ። ወንድሜ ነው።»

አሮጊቷ አገጩን ይዘው ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩት።

«እውነትም!» አሉ። «አፍንጫው ያው የጃፋር ነው።»