የራሴን ንፍሮ የበላሁበት ቅዳሜ

ስልክ ሲጮህ የማይደነግጥ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድም አላውቅም። ቁጥሩ የማናውቀው ሲሆንማ «ሃሎ» ከማለታችን በፊት ልባችን አንድ ዘመድ ቀብሮ ይመለሳል። አይፈረድብንም። እንዲህ ያደረገን የራሳችን የስልክ አነጋገር ነው።

እስቲ አስቡት። በእኛ አገር በስልክ የሞተ ሰው አለ? የለም። በስልክ ሰው ሁሉ ትንሽ ነው የሚያመው። «እገሌ ትንሽ አሞታል፣ እስቲ ብቅ በል» የተባለ ሰው ምን አመመው ብሎ አይጠይቅም፤ ነጠላውን ይፈልጋል። መርዶ በስልክ መንገር ነውር ነዋ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ይህን ባህል እወደዋለሁ፤ ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ ተብሎ የተበጀ ነው። ችግሩ፣ የምር ትንሽ ያመመው ሰው የሚናገርበት ቃል አጣ። ሐርቡ ያለው አጎቴ ወባ ያዘውና ልጁ «አባባ ትንሽ አሞታል» ብሎ ለዘመድ ደወለ። ዘመድ በአይሱዙ ተጭኖ ከች አለ። አጎቴን በረንዳ ላይ ፓፓያ ሲበላ አገኙት። ተቀየሙት እኮ። አንዷማ «ይህን ሁሉ መንገድ ካስመጣኸን» ብላ ጀምራ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወደ ራሴ ልመለስ። ዘነበች እባላለሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞቼ ነበር።

አትሳቁ፣ በደንብ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ይመር ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ብረት በያጅ ነው። የግቢዬን በር በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ እጁ ገጥሞ፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባልኝ እሱ ነው። እኔ ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ ግን ተቀየመኝ። የእናታችንን ማተብ በጠስሽ አለና ያንን በር ማንኳኳት ተወ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በዓል ሲደርስ በሰው እጅ ዶሮ ይልክልኛል። እኔም በሰው እጅ ሸሚዝ ሰፍቼ እልክለታለሁ። ልኩን ስለማላየው ግን አንዳንዴ ይጠበዋል አሉ። በስልክማ ቃል አንለዋወጥም ነበር። በጸሎት ስሙን ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ጌታ ሲሰማ ደግሞ በየት በኩል እንደሚሰማ አይታወቅም።

በሂክማ በኩል ሰማ። ሂክማ የጎረቤቴ የሰዓዳ ልጅ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስልኬ ሲያስቸግረኝ የምታስተካክልልኝ እሷ ናት፤ የወንድሜንም ቁጥር ያገኘችው እዚያው ስልኬ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን ከጓደኞቿ ጋር አንድ ጨዋታ ይዘዋል። ትልቅ ሰው ጋ ይደውላሉ፣ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይነግሩታል። ድንጋጤውን ቀድተው ኢንተርኔት ላይ ይለጥፉና ሰው ይስቃል። ተራው የሂክማ ሆነ። አርብ አመሻሹ ላይ ለይመር ደወለችና እንደ ነርስ ኮስተር ብላ «ከሆስፒታል ነው የምደውለው። ወይዘሮ ዘነበች ትንሽ አሟቸዋል፣ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችው።

ምን አመማት፣ የት ክፍል ተኛች ብሎ ሲያፋጥጣት «ቀልድ ነው» ልትለው ነበር። ይመር ግን ምንም አልጠየቀም። «እሺ» ብሎ ዘጋ። ልጅቷ መልሳ ብትደውል ተይዟል። ደግማ ብትሞክር ተይዟል። ደነገጠችና ስልኳን አጥፍታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች።

ስልኩ የተያዘው ለምን ይመስላችኋል? ይመር ሐርቡ ላለችው አክስታችን እየነገረ ነው። ምን ብሎ? እንደ ደንቡ «ዘነበች ትንሽ አሟታል» ብሎ። አክስቴ እየተንሰቀሰቀች ለአጎቴ ልጅ «ዘነበች ትንሽ አሟታል» አለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ይመር ያልሰማ መስሎት ለሱው ደወለና «ዘነበች ትንሽ አሟታል አሉ፣ ሰማህ?» አለው። ይመር ነገሩ ከሌላ ሰው ስለተረጋገጠለት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለኔ የደወለ የለም። ለሞተ ሰው ማን ይደውላል?

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ፊቴን ልታጠብ ውኃ የያዘ ጆግ ይዤ ወጣሁ። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ይመር ቆሟል፤ ጋቢውን አዘቅዝቋል። ከኋላው ሚስቱ፣ አክስቴ፣ የአጎቴ ልጅ፣ እንዲያውም የይመር የንስሐ አባት ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሴቶቹ ወገባቸውን በነጠላ አስረዋል። ሚኒባሱ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ደጄን የተወ ወንድሜ። የሆነ ሰው ሞቶብኝ መርዶ ሊነግሩኝ መጡ ብዬ ጆጉን ለቀቅሁት። «ማን ነው? ማን ሞተብኝ?» እያልኩ ደረቴን መምታት ጀመርኩ። እነሱ ደግሞ እኔን በማየታቸው ጮኹ። እኔ በጩኸታቸው ባሰብኝ። አክስቴ መሬት ተቀመጠች። እኔ ለማላውቀው ሟች አለቅሳለሁ፣ እነሱ ቆማ ለምታለቅስ ሟች ያለቅሳሉ። በመጨረሻ ይመር ትከሻዬን ያዘና «እታለም፣ አንቺ ነሽ እኮ የሞትሽው» አለኝ።

ጩኸቱን ሰምታ ሰዓዳ «ኢንና ሊላሂ» እያለች በባዶ እግሯ መጣች። አየችኝና «ወላሂ አንቺ የሞትሽ መስሎኝ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የጸሎት ቤቴ ሰዎች ለቅዳሜ ጠዋት ጸሎት በዚያ ሲያልፉ ሰምተው ገቡ። ቤቴ ሞላ። ቄሱን ከመጽሐፍ ቅዱሴ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ግራ ቀኝ አዩና «ቤቱ ንጹሕ ነው» አሉ። ከሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የይመር ሚስት ለለቀስተኛው ብላ በላስቲክ ባልዲ ንፍሮ ቀቅላ አምጥታ ነበር። ስንዴና ሽምብራ። ምን ይደረግ፣ ይጣል? ተበላ። የራሴን ንፍሮ ቆንጥሬ በላሁ፤ ጨው ትንሽ በዝቶበታል፣ ለሟች ክብር ብዬ ዝም አልኩ። እየበላን ሚስቱ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ የት እንደምቀበር ሲከራከሩ ነው የመጡት። የአጎቴ ልጅ ጴንጤዎቹ የራሳቸው መቀበሪያ አላቸው ይላል። ይመር «ከእናቷ ጎን ነው የምትተኛው። ደጇን የተውኩት እኔ ነኝ፣ አሁን መቃብሯንም ልተው?» ብሎ እንደ ልጅ አልቅሷል። ቄሱ «እስቲ መጀመሪያ እንድረስ» ብለው ነው ያረጋጉት።

ሰው ማን እንደሚያለቅስለት ሳያይ ነው የሚሞተው። እኔ አየሁ። ያን ቀን ያመሰገንኩትን ያህል በሕይወቴ አመስግኜ አላውቅም።

ይመር ግን ድንጋጤው ሲለቀው ንዴቱ መጣ። የደወለው ሰው ካልታሰረ አልመለስም አለ። ይህን ጊዜ ሂክማ ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሁሉንም ነገረችኝ። «ለእናትሽ ንገሪያት» ብያት ወንድሜን ተከትዬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ላረግበው ነበር ሐሳቤ። ልጅቷ በኔ ምክንያት ስትከሰስ ሰዓዳን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

የተቀበለችን ኢንስፔክተር ወጣት ሴት ናት፣ ትሑት። ነገሩን ሰምታ ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ኮስተር አለች። ሰሞኑን በስልክ እያስደነገጡ ድምፅ የሚቀዱ በዝተዋል፤ ቀልድ ነበር ማለት አያድንም አለች። የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ ብሎ መዋሸት አንድ ነገር ነው። በሐሰት ወሬ ሰው ማስደንገጥ ሌላ ነው። የሰው ድምፅ ሳያስፈቅዱ ቀድቶ መልቀቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሚኒባሱ በሌሊት ጉም የሐረጎ ተራራን መጠምዘዣ ስቶ ቢሆንስ? የይመር ደም ግፊት ተነስቶ ቢሆንስ?

ልጆች ቢሆኑስ አልኩ። ኢንስፔክተሯ አስረዳችን። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ በወንጀል አይጠየቅም። ከዚያ እስከ አሥራ አምስት ለልጅ የሚሆን እርምጃ አለ። አሥራ አምስት ካለፈ ግን ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል እንጂ የሚጠየቀው በትልቅ ሰው ሕግ ነው። አሥራ ስድስት የሚለው ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

«ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ እናጣራለን፤ መጀመሪያ የሚጠራው ባለቤቱ ነው» አለችና ብዕሯን አነሳች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሂክማ ስልክ የተገዛላት ጊዜ መታወቂያ አልነበራትም። ሰዓዳ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሽተኛ እያስታመመች ነበር። ልጅቷ ስትለምነኝ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ፣ ፈርሜ ሲሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

«ኢንስፔክተር፣ አትድከሚ» አልኳት። «በኔ ስም ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሟቿ ራስዎ ነዎት የደወሉት?»

ይመር ዞሮ አየኝ። ያን ዓይን አልረሳውም። ጠዋት ያገኘሁት ወንድሜ ከእጄ ሊወጣ ነው አልኩ። ምን ልበል? ልጅቷን ልስጥ? ዋሽቼ ልሸከም? አፌ ሳይከፈት በሩ ተከፈተ። ሰዓዳ ልጇን በእጇ ይዛ ገባች።

«ጋሽ ይመር፣ ብደብቅዎ አላህ ይጠይቀኛል። የደወለችው ልጄ ናት። ያድርጓት እንዳሻዎ» አለች። ሂክማ ቀና አላለችም።

ይመር ወደ ልጅቷ ዞረ። ከዚያ «ምን ነበር ያልሽኝ?» አላት።

«ትንሽ አሟቸዋል።»

«ሞታለች ብለሽኛል?»

«አላልኩም፣ ጋሼ።»

ኢንስፔክተሯ ጣልቃ ገባችና ታዲያ ሞታለች ያለው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ይመር ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ያችን ስልክ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ተኳርፈን ሳለን ትሞትብኛለች እያልኩ። ስትደወል ጊዜ መጣች አልኩ፣ አለቀ።»

እኔ አለቀስኩ። ሰዓዳ «አብሽሩ» እያለች ከኔ ብሳ አለቀሰች። ይመር ቅሬታውን ተወ። የሂክማ ጓደኞች ከወላጆቻቸው ጋር ተጠርተው ቅጂውን ኢንስፔክተሯ ፊት አጠፉ። እሷም ልጆቹን አቁማ «ዛሬ ያዳናችሁ የሰውየው ይቅርታ ነው። በሌላ ቀን የምትደውሉለት ሰው ይቅር ላይል ይችላል፣ ይቅር ቢልም ሕጉ ላይተው ይችላል» አለቻቸው። እኔንም አልማረችኝም። ልጅቷ መታወቂያ ስታወጣ ሲሙን በስሟ ያዛውሩ አለችኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው መቼ ጊዜ አለው?

እንግዲህ ልጆች፣ በስልክ አትቀልዱ። ከልቤ ነው የምለው። ያን ጠዋት ሰዓዳ የልጇን እጅ ይዛ ስትገባ ያየ ሰው ስልክ ያስጠላዋል። ግን እዋሻለሁ እንዴ? ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ አረንጓዴው በሬ እስከ ዛሬ በወንድሜ አይንኳኳም ነበር። በጸሎት ቤት የምስክርነት ሰዓት ላይ ቆሜ ይህንኑ ተናገርኩ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ ፓስተሩ ግን ለወጣቶቹ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጥ ብለው ማብራሪያ ጨመሩ።

ባለፈው ወር ሰዓዳና ሂክማ ኮምቦልቻ ሠርግ ነበራቸው። ለይመር የሰፋሁትን ሸሚዝ በነሱ እጅ ላክሁ፤ አሁን ልኩን አውቀዋለሁ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ። መነጽሬን ሳላደርግ አነሳሁት።

«ዘነበች፣ ይመር ነኝ። ትንሽ አሞኛል፣ እስቲ ብቅ በይ» ብሎ ዘጋ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት በሙሉ እያለቀስኩ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ማን ሞተብሽ ቢሉኝ ወንድሜ አልኳቸው። ማን ነገረሽ አሉኝ። «እሱው ደውሎ» አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ስደርስ ይመር አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ውስጥ ምሳ ቀርቧል፤ ሰዓዳም እንድትበላ ብሎ ዓሣ አስጠብሷል። ሂክማ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ሳቄም ልቅሶዬም ተደባልቆ ልከስህ ነው፣ ዕድሜህ ከአሥራ አምስት አልፏል አልኩት። ክሰሺኝ አለ። ብቻ መጀመሪያ መነጽርሽን አድርጊና የደወልኩበትን ቁጥር እዪ አለኝ።

አየሁት። የሂክማ ነው። አሁንም በኔ ስም ነው።

እጄን ታጠብኩና ዓሣዬን በላሁ።