እትዬ ሁለት ጣት ያላሳለፉት ሰደሪያ

መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቻቸውን ነው። አመልካች ጣትና መሃል ጣት፣ ጥፍራቸው እስከ ሥጋው ተቆርጦ፣ አንድ ላይ የተሰፉ ይመስል ተጣብቀው፣ ደህና አደርክ እንኳ ሳልባል በቦርሳዬ ማንገቻና በትከሻዬ መካከል ሰተት ብለው ገቡ። "ላልቷል" አለ ከጣቶቹ በላይ የመጣ ድምፅ። ማንገቻው ተሳበ፤ ወገቤ ላይ ይንገላታ የነበረው ቦርሳ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ተደላደለ። መጻሕፍቴ የቀነሱ መስሎኝ ከፍቼ ቆጠርኳቸው። አልቀነሱም።

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላ ሰው አንገትጌ ተጣጥፎ ካየ እንጀራው አይዋጥለትም። በታክሲ ሰልፍ ላይ የማያውቀውን ልጅ የጫማ ክር ያስራል፤ በሠርግ ቀን ሙሽራውን ከካሜራ ፊት ጎትቶ ከረባቱን ያጠብቅለታል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አክስታችሁ ናት፣ ምናልባት ዛሬ ጠዋት ራሳችሁ ነበራችሁ። ክብርት እትዬ ሁለት ጣት የዚህ ወገን ንግሥት ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ከደመወዝ መዝገቡ በቀር የሚጠራቸው የለም።

የምንሠራበት የጥበቃ ድርጅት ውድ መድኃኒት የጫኑ መኪኖችን ከመጋዘን እስከ ሆስፒታል ያጅባል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተተኩሶባቸዋልና አጃቢዎቹ የሚለብሱት ጥይት መከላከያ ሰደሪያ ለጌጥ አይደለም። እኔ የዕለት ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ የደረስኩበት ሥነ ጽሑፍ ይኸው ነው። ታናሽ እህቴ ግን በዚያ ሰሞን የሦስት ወር ሥልጠና ጨርሳ፣ የአጃቢ ቡድኑ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ሩጫውን ከወንዶቹ እኩል ሮጣለች፤ ዒላማውን ከአብዛኞቹ በላይ መትታለች። የቀራት አንድ በር ነበር። በዚያ በር ላይ ደግሞ እትዬ ሁለት ጣት ተቀምጠዋል።

በሩ የምድር ቤቱ የዕቃ ክፍል በር ነው። ውስጡ ሲገቡ ሰደሪያዎቹ በመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ በጀርባቸው ተኝተዋል። ለምን እንደማይሰቀሉ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። "ከሰቀልከው ይወርዳል፣ ይጣመማል። አንተ ሲደክምህ ምስማር ላይ ነው የምትሰቀለው?" አሉኝ። ከክፍሉ መሃል ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል። ማንም አጃቢ ሰደሪያውን ለብሶ እዚያ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አይወጣም። ትእዛዛቸው አራት ነው፤ ከልምምድ ብዛት ዜማ አውጥቷል፦ "ቁም። ተንፍስ። ተቀመጥ። ጎንበስ በል።" ከዚያ ጣቶቹ ይመጣሉ። ከማሰሪያው ሥር ካልገቡ ጠብቋል፣ ሰውየው መተንፈስ አይችልም፤ ሦስተኛ ጣት ከገባ ላልቷል። ጣቶቹ ልክ ሲሆኑ "እ" ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ከፊትና ከኋላ የሚገባውን ጠንካራ ሰሌዳ ሁሉም "ብረቱ" ይለዋል። ብረት አይደለም፤ ሸክላ ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። በእሳት የተጠበሰ ሸክላ ጥይትን ሰብሮ ራሱም ይሰበራል፣ ሰውየው ግን ቤቱ ይገባል ብለው እትዬ ሲነግሩኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። "አፍህን ዝጋና ያዝ" አሉና አንዱን ሰሌዳ እንደ ሕፃን በሁለት እጄ አስያዙኝ። "መሬት ከጣልከው ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ደግሞ አያሳብቅም። ስለዚህ ወደቀብኝ ያለኝን አልቆጣም። ወድቆበት ዝም ያለውን ነው።"

ከበደኝ ሳይል ስለቀረው አንድ አጃቢ ሳላነሳ አላልፍም። ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ወገቡን ያመዋል። አንድ ጠዋት እትዬ ከኋላው መጥተው ጀርባውን እንደ በር አንኳኩት።

"ማን አለ?" አሉ።

ጆሯቸውን ወደ ጀርባው አስጠጉ።

"ማንም የለም" ብለው ራሳቸው መለሱ፤ ከኋላ ኪሱም በሰሌዳው ልክ የተቆረጠ የወረቀት ካርቶን መዘው አወጡ።

"እትዬ፣ ከባድ ሆነብኝ እኮ" አለ ሰውየው። "ደግሞ ከኋላ ማን ያየኛል ብዬ ነው።"

"ከኋላ የሚያይህን አንተ አታየውም። ከኋላ የተደረገውም ለዚሁ ነው።" ከዚያ አስቀመጡትና ጭነቱን ከትከሻው ወደ ዳሌው እያወረዱ ቀበቶውን ሩብ ሰዓት ሙሉ አስተካከሉለት። ሲነሳ ሰሌዳው ተመልሶ ገብቷል፤ ሰውየው ግን ወገቡን እየነካካ "የታለ ክብደቱ?" ይላል።

ሌላም አለ። ቁመናው ያማረ፣ ኪስ የሚወድ። ደረቱ ላይ ሦስት የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ሬዲዮ፣ መቀስ፣ ቢላ፣ ለምን እንደሆነ የማይታወቅ ገመድ ደርድሮ መጣ። እትዬ ዞሩት፤ እንደ ሐውልት አደነቁት። "በሆድህ ተኛ" አሉት። ተኛ። ደረቱ ላይ የተከመረው ዕቃ አንስቶት እግሩም እጁም መሬት አልነካ አለ፤ እንደ ጀልባ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። "በል ዋኝ" አሉት። እየሳቀ ተነስቶ አራገፈ። የደም ማቆሚያ ማሰሪያውን ብቻ ደረቱ መሃል፣ ቀኝ እጁም ግራ እጁም ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ መልሰው ሰኩለት። "የትኛው እጅህ እንደሚተርፍ ማን ያውቃል" አሉት፤ ያኔ የሳቀ የለም።

እንግዲህ በዚህ መሃል አዲሶቹ ሰደሪያዎች መጡ። ሥራ አስኪያጃችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ የመረጡት ግን በፎቶ ነው። ሃያ ሰደሪያ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከላይ እስከ ታች ኪስ በኪስ፤ ሃያውም አንድ ልክ። ያ ልክ ደግሞ የረጅም ወንድ ነው። እህቴ ስትለብሰው የታችኛው ጫፍ ጭኗ ላይ ደረሰ።

"ይሄ ሰደሪያ አይደለም" አሉ እትዬ። "ድንኳን ነው። ሌላ ሰው ጨምሪበት።"

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሰኞ የመድኃኒት መጋዘኑ ተወካይ መጥተው ቡድኑን ሊያዩ ነው፤ ሰልፉ ላይ ያልቆመ አጃቢ በሌላ ይተካል። እህቴ ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሰደሪያውን ለልምምድ ብላ አስፈርማ ቤት ወሰደችው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ወጥታ ቆመች፤ እኔ መርፌ ያዝኩ። የገላ ፎጣ አጥፈን በትከሻው ውስጥ ሰፋንበት፤ ሰሌዳው ከፍ አለ። የጎን ማሰሪያዎቹን እስከ መጨረሻው ሳብናቸው። ከዚያ ሁለት ጣቴን አጣምሬ ከማሰሪያው ሥር ሰደድኩ። ልክ ገባ። ከጻፍኳቸው ግጥሞች በአንዱም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ በምድር ቤቱ መሃል ቆመች። ጣቶቹ መጡ፣ ገቡ፣ ወጡ። "እ" አሉ እትዬ። እህቴ አየችኝ፤ ፊቷ በራ።

"ተቀመጪ።"

ስትቀመጥ ሰሌዳው ከታች ተገፍቶ ወጣና አገጯን መታት፤ ጥርሷ ሲጋጭ ከበሩ ድረስ ተሰማኝ።

"ተነሺ። ክንድሽን አንሺ።" እትዬ በብብቷ በኩል እጃቸውን ሰደዱት፤ እስከ አንጓቸው ገባ። "አየሽ፣ እጄ ገባ። የኔ እጅ በገባበት ሌላም ነገር ይገባል።" ሲያወጡት የፎጣው ጫፍ ተከትሎ መጣ። ዘርግተው አዩት። "ይሄ የማን ነው?"

"የኛ" አልኩ።

"ስፌቱ ጥሩ ነው። ቦታው ግን መታጠቢያ ቤት ነው።"

"እትዬ፣ እባክዎ" አለች እህቴ። "ሰኞ ካልቆምኩ ቦታዬ ሄደ። ቢሰፋኝም እችለዋለሁ።"

"መቻልሽን መቼ ጠየቅኩሽ?" አሉና እስክሪብቶአቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያ እስክሪብቶ ካልፈረመ ሰደሪያ ለሥራ ከክፍሉ አይወጣም። እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው።

ሰደሪያውን አሸክመውኝ ወደ ላይ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣን።

"እትዬ፣ ትንሽ ቢሰፋ ምን አለበት?" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ልጅ ናት፣ ትሞላዋለች።"

"የተማሪ ዩኒፎርም መሰለዎት? ይልበሱት እስቲ።"

ለበሱት። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን በጎን አዩ። እትዬ ኪሶቹን በጠረጴዛው ላይ ባገኙት ነገር ሁሉ ሞሏቸው፤ ስቴፕለር፣ ማኅተም፣ የውኃ ጠርሙስ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ አስቀመጧቸው። ሰሌዳው ጉሮሯቸው ሥር ገባ፤ አንገታቸው ጠፋ።

"አሁን ያቺን ወረቀት ከወለሉ ያንሱልኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ሞከሩ። ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ ወደ ግራ ሞከሩ። በመጨረሻ እጃቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። "ፍቱኝ" አሉ በቀጭን ድምፅ።

ወዲያው ለአቅራቢው ደወሉ፤ ትንሹ ልክ በዘጠኝ ቀን ይመጣል ተባለ። ሰኞ ግን ሁለት ቀን ነው የቀረው። ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ለሰኞ ሌላ ልጅ በቦታዋ ይቁም። ምን ይደረግ።"

"ሌላው ልጅም ሰደሪያ ይፈልጋል" አሉ እትዬ በሩን ይዘው። "ሰደሪያ የሚያወጣው ደግሞ የኔ ፊርማ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ስድስት አጃቢዎች በግቢው ውስጥ ተሰለፉ። አምስቱ ታጥቀዋል። አራተኛው ቦታ ላይ እህቴ በሸሚዟ ብቻ፣ እጆቿን አጣብቃ ቆማለች። እትዬ ናቸው ያቆሟት። የመጋዘኑ ተወካይ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ፋርማሲስት ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው አራተኛው ጋ ቆሙ።

"ይቺስ ባዶዋን የቆመችው ለምንድን ነው?"

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ አልጠበቋቸውም።

"ልኳ አልደረሰም። ልኳ እስኪደርስ መኪና ላይ አትወጣም። ቦታዋ ግን ይሄ ነው።"

ፋርማሲስቱ እህቴን አዩ፤ ከዚያ እትዬን አዩ። እህቴ ዓይኗን አልሰበረችም። የእናቴ ልጅ መሆኗ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቶት አያውቅም።

"እኛም ዘንድ" አሉ ፋርማሲስቱ፣ "መጠኑ ልክ ያልሆነ መድኃኒት ከመደርደሪያ አይወርድም።" ወደ አምስተኛው አለፉ።

ትንሹ ሰደሪያ በዘጠነኛው ቀን መጣ። እህቴ ለበሰችው። ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ተቀመጠች፣ ጎንበስ አለች። ሳትታዘዝ በሆዷ ተኛችና ተነሳች፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ሮጣ ዞረችው። የሰሌዳው ጫፍ ከአንገቷ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ንቅንቅ አላለም። እትዬ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ፈረሙ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መድኃኒት የጫነው መኪና በሩን አልፎ ሲወጣ እህቴ ከሾፌሩ ጎን ነበረች፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ቀና ብላ።

እኔና እትዬ በሩ ላይ ቀረን። አመሰግናለሁ ልል አስቤ ሌላ ነገር አመለጠኝ።

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ ግን ከየት ተማሩት?"

"ሌላ ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በር ጠብቄአለሁ" አሉ መንገዱን እያዩ። "በወንድ ሰደሪያ።"

"ያኔ ማን ነበር የሚለካልዎት?"

"ማን ይለካል? የደረሰሽን ልበሺ ነው።" ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "በል ሂድና ሪፖርትህን ጻፍ። ሰዓቱን አትሳት፤ ሦስት ከአሥር ነው የወጣችው።"

ወደ ምድር ቤቱ አመሩ። ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነበር የማገኛቸው፤ ወይ ማንገቻዬን ይስባሉ፣ ወይ አንገትጌዬን ያቃናሉ። ሲሄዱ ከኋላ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ወርዷል፤ በየእርምጃው ያንን ጎን ቀና ለማድረግ ይሞክራሉ፣ እሱም መልሶ ይወርዳል። እንደዚያው ሆነው፣ ሳይቸኩሉ፣ ግቢውን አቋርጠው ደረጃውን ወረዱ።