ጋሽ ሕሩይና የግሸን መንገድ

አትላንታ ውስጥ ስለ እግር ጉዞ የሚመክር ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመክረው። የመካሪዎቹ ሁሉ አለቃ ደግሞ ክቡር ጋሽ ሕሩይ ናቸው። ከታክሲ ሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ የደብዳቤ ሳጥናቸው ድረስ እንኳ በመኪና ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ በእግሩ ግሸን ማርያም ሊሳለም ያሰበ ሰው እሳቸውን ሳያማክር ቲኬት አይቆርጥም።

የሺእመቤት እጃቸው ላይ የወደቀችው በስለቷ ምክንያት ነው። ልጇ ኑሃሚን ከልብ ቀዶ ጥገና በደህና ብትነሣላት፣ ከደሴ ግሸን በእግሯ ልትሄድ ተስላ ነበር። ኑሃሚን ድና ሥራ ገባች። የቀረው የእናትየው ጉልበት ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለሥራ ቆሞ ሲውል ዓመታት ያስቆጠረ፣ ደረጃ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት። ስለቴን ሳላደርስ መንገድ ላይ ብቀርስ እያለች እንቅልፍ አጣች።

«እግርሽን አትመኚ፣ ደረቅ ካልሲ እመኚ!» አሏት ጋሽ ሕሩይ፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲኬተር ወደ ስኮትዴል በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ያለማምዷት ጀመር። እሷ በእግር፣ እሳቸው በመኪና። አስፋልት በሚያቋርጥበት ሁሉ ቀድመው ፓርክ ያደርጉና መስኮት ዝቅ አድርገው ይጠብቋታል።

«የሺ፣ ስሎው አድርጊ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉስ ይሂድ፤ እርስዎ መቼ ነው ከመኪናው የሚወርዱት?»

ጋሽ ሕሩይ መስኮቱን ዘግተው ነዱ።

ለግሸን በዓል ብላ አዲስ ስኒከሯን ከነካርቶኑ ማስቀመጧን ሲሰሙማ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። «ለንግሥ አዲስ ቀሚስ እንጂ አዲስ ጫማ ይደረጋል? ዛሬውኑ አድርጊው! ሥራ ሂጂበት፣ ወጥ ሥሪበት!» የጥርስ ብሩሿ ከበደ ብለው እጀታውን ቆረጡባት። ከሁሉም የጠበቀው ሕጋቸው ግን «የሰው አደራ አትቀበዪ! እናትሽም ብትሆን!» የሚል ነበር። የሥራ ባልደረባዋ ማሂ ደሴ ላለች እህቷ የላከችውን ቫይታሚን የሺእመቤት እያፈረች መለሰች።

የጉዞዋ ቀን ኤርፖርት ሲያደርሷት፣ ጋሽ ሕሩይ ከመኪናው ኋላ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጡ። ዘርፋም የስለት ጃንጥላ ነው፤ ቁመቱ ደረቷ ይደርሳል።

«ጋሼ! አደራ አትቀበዪ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።» መሬት መሬት አዩ። «ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሳለሁ ነው የተሳልኩት፤ በእግሬ ላደርስ። ኋላ ኩላሊቴ ታሞ ዲያሊሲስ መጣ፤ በሳምንት ሦስቴ ማሽን ላይ ነኝ። አንቺን ግን ስትሄጂ አይቻለሁ።»

ከተመላሽ ሁሉ እየጠየቁ መንገዱን ያጠኑት ለማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ጃንጥላውን ተቀበለች።

የግሸን የመጨረሻው ዳገት ላይ ጉልበቷ እምቢ አለ። ድንጋይ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሕዝቡ እየተጋፋ ያልፋታል። «እንግዲህ ቀረሁ» አለች። ይኼኔ ከኋላዋ የነበሩ አንዲት ባልቴት ጃንጥላውን አዩና ጮኹ፦

«ስለት ይዛለች! አሳልፏት!»

እልልታው ተያያዘ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለላት፤ አንዱ ክንዷን፣ ሌላው ወገቧን ደገፋት። በገዛ እግሯ ወጣች። የራሷንም የእሳቸውንም ስለት አድርሳ፣ ቅጥሩ ሥር ተቀምጣ እፎይ አለች። ከዚያ ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ ጃንጥላዎ ገባ።»

ከወዲያ ማዶ አፍንጫ ሲናፈጥ ተሰማት።

«ካልሲሽስ?» አሏት። «ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉ።