የሰፈሩ ኮት

ሳይጠሯት መጥታ ሰው የምታለብስ ሴት የሌላት ሰፈር የለችም። ቀበሌ አልሾማት፣ ሕዝብ አልመረጣት፤ ግን ሙሽራም ሆነ ሥራ ፈላጊ እሷ ዐይኗን ሳትጥልበት ከደጅ አይወጣም። የከሚሴዋ እትዬ ዓዲላ ይባላሉ። ሰፈሩ ሲያከብራቸውም ሲያማቸውም «ሚኒስትሯ» ይላቸዋል።

ክብርት ሚኒስትሯ ያላቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ «አፍሽ ከመድረሱ በፊት ልብስሽ ይደርሳል።» በዚህ ሕግ መሠረት እንድሪስ የተቀጠረው በኮቱ ነው። የይበልጣል ትዳር የፈረሰው በካልሲው ነው። አምና ዝናብ የቀረው በማን ሱሪ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተናገሩም።

ያ ኮት እትዬ ዓዲላ ባቲ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ መርጠው ያወጡት ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። ለሥራ ፈተና የተጠራ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ለብሶታል። ለብሰው የተቀጠሩት ስማቸው በየቀኑ ይነሳል፤ ያልተቀጠሩት አይነሱም።

ነኢማ ሒሳብ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ሁለት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለእትዬ ዓዲላ ሳትነግር በራሷ ሸሚዝ ሄዳ ወድቃለች። አሁን ሦስተኛው መጣ፤ እዚሁ ከሚሴ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የሒሳብ ሥራ። የፈራችው ጥያቄውን አልነበረም። «ጉድለቱ እኔው ጋ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነበር እንቅልፍ የነሳት። ዘንድሮም ካልሆነ፣ መልሱ ይኸው ነው ብላ ለራሷ ወስናለች።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ዓዲላ በጠዋት ከች አሉ።

«አካም ቡልቴ ነኢማ? ቁሚ እስቲ።»

ሰንበቴ ገበያ ላይ ወይፈን እንደሚያይ ነጋዴ ዙሪያዋን ዞሩ። ነጩ ሸሚዝ ጸደቀ። ረጅሙ ጥቁር ጉርድ ጸደቀ። ቢጫው ሂጃብ ተሻረ።

«ማሎ፣ ቢጫ ለሠርግ ነው። አመዳማውን አምጪ።»

«ኮቱስ?»

«ኮቱ እዚያው ይጠብቅሻል፣ አብሽሪ።»

ይህ «ይጠብቅሻል» የሚሉት ነገር ነኢማን አልጣማትም። መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ምክንያቱን አየችው። የጎረቤቷ ልጅ ሰርካለም ኮቱን ለብሳ፣ ላቧን በመሐረብ እየጠረገች ተራዋን ትጠብቃለች። የተጠራችውም ለዚያው ለአንዱ ሥራ ነው። እትዬ ዓዲላ የበሩን አግዳሚ ወንበር እንደ ባለቤት ይዘውታል።

«እትዬ፣ ለሁለታችን ነው እንዴ የሰጡት?»

«ታዲያ አንዳችሁን ብርድ ላይ ልጣል?» አሉ። ከሚሴ ላይ ብርድ ታይቶ አያውቅም። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከገባችሁ እንጀራው ከሰፈር አይወጣም።»

ሰርካለም ገብታ ቆየች። ነኢማ ዐይኗን ከበሩ ላይ መንቀል አቃታት። በሩ ተከፍቶ ሰርካለም ስትወጣ የነኢማ ስም ከውስጥ ተጠራ። እትዬ ዓዲላ ኮቱን ከአንዷ ገፈው ለሌላዋ አጠለቁላት። ውስጡ በሰርካለም ላብ ርሷል። ትከሻው ወርዶ ክንዷ ላይ አረፈ፣ እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። «አላህ ያግራልሽ» ብለው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጓት።

ከጠያቂዎቹ መካከል መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ቀና ብለው አዩዋት።

«ይህ ኮት አሁን ወጥቶ አልነበረም?»

ነኢማ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«አዎ። የሰፈራችን ነው።»

ሁሉም ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ነኢማ ግን የምታውቀው ሁሉ ከራሷ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ስትማር እየተጫወተች የምትሠራውን ሒሳብ ሲጠይቋት ተንተባተበች። እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ሲወርድባት፣ መልሳ ስትሰበስብ ሰዓቷ አለቀ።

ሥራው ለሰርካለም ሆነ። ነኢማ ወሬውን ስትሰማ በሯን ዘጋች። እትዬ ዓዲላ ደጅ ላይ ሲስሉ ሰምታ የተኛች መሰለች። እኚህን ሴትዮ ዳግመኛ ላላናግር ብላ ማለች። ከሁሉ የባሰባት ግን ለራሷ የሰጠችው ውሳኔ ነበር፤ ጉድለቱ እኔው ጋ ነው።

በማግስቱ እትዬ ዓዲላ ሳያንኳኩ ገቡ። ኮቱን ክንዳቸው ላይ፣ መቀሱን እጃቸው ላይ፣ መርፌዎቹን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል።

«ትከሻው ነው» አሉ መርፌዎቹን አውጥተው። «ለሰርካለም ልክ ነበር፣ ላንቺ ሰፋ። ስትገቢ ከኋላ አይቼሻለሁ፤ ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወደቀው ኮቱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም።»

«እትዬ፣ የወደቅኩት ተንተባትቤ ነው።»

«እጅጌ ጣትሽን ሲውጥ ምላስሽስ ለምን አይያዝ? ቁሚ።»

ነኢማ ልትከራከር አፏን ከፍታ ተወችው። የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። እትዬ ዓዲላ ስንቱን አልብሰው ልከዋል፤ ስንቱስ ባዶ እጁን ተመልሷል። ከነዚያ ውስጥ አንዱን እንኳ «ሰነፍ ነበር» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። እሳቸው ዘንድ ሰው ወድቆ አያውቅም፤ የሚወድቀው ልብስ ነው። ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«የበፊቶቹ ሁለቱስ፣ እትዬ?»

«እሱማ ሸሚዝሽ ነበር» አሉ፣ ትከሻዋ ላይ መርፌ እየሰኩ።

ነኢማ ቀና ብላ ቆመችላቸው።