ማማው ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ

ለሞተ ሰው በመደራጀት የሚቀድመን ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ነፍሱ ገና ሳትርቅ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ያስተዛዝናል። ገና ሊሞት ላለ ነገር ተደራጁ ሲባል ግን «ቆይ እስቲ፣ ከኋላው ማን አለበት? ከማንስ ጋር ሊያጣሉን ነው?» እንላለን። እርስዎም ቢሆኑ፣ አንባቢዬ፣ እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ለመውጫ የሚቀርበውን ወንበር እንደሚመርጡ እገምታለሁ። አልፈርድብዎትም። እኔም የተቀመጥኩት እዚያው ነበር።

ኑሮዬ አዳማ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከመቂ ወጣ ብሎ ደግሞ ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር በእኩል የምናለማው የሽንኩርት ማሳ አለን፤ መሬቱና ድካሙ የእሷ፣ ዘርና ማዳበሪያው የእኔ። ዘሃራ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ ባሏን በጊዜ ቀብራ ልጆቿን በሽንኩርት ያሳደገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ማሳውን የምታጠጣው ከጓሮዋ ጉድጓድ በፓምፕ እየሳበች ነበር።

አንድ ነዳጅ ፈላጊ ድርጅት ከማሳችን ማዶ ያለውን ሜዳ በቆርቆሮ አጥሮ ረጅም የመቆፈሪያ ማማ ሲያቆም፣ ደስ ያላለው ሰው አልነበረም። መቂን ዱባይ ያደረጓት ነበሩ። የሽንኩርት ደላላው ሁሉ የመሬት ደላላ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ማንም አላሰበውም፤ የላሚቱ ድምፅ እኮ ይሰማል፤ ሞተሩ ያለማቋረጥ ያጓራል። ከዚያ የዘሃራ ጉድጓድ መጉደል ጀመረ። የቀረውም ውሃ የማናውቀው ጠረን አመጣ። ሽንኩርቱ ከጫፉ እየነደደ ወደ ታች ቢጫ ሆነ።

ኮሚቴው የተቋቋመው በዚህን ጊዜ ነው። ሊቀመንበር ኦቦ ቱፋ ሆኑ፤ ነገር በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚቋጩ፣ ሲናገሩ ሰው የማያቋርጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ጸሐፊ እኔ ሆንኩ፤ ወንበሬ አላዳነኝም። ቁፋሮው ይቁም አላልንም። ውሃችን በገለልተኛ ባለሙያ ይመርመር፣ ከመካከላችን የመረጥናቸው ሰዎችም አልፎ አልፎ ግቢው ገብተው የሚሠራውን ይዩ፣ ነው ያልነው። በውሃና በኬሚካል ግፊት ዓለቱን ከሥር የሚሰነጥቁበት ዘዴ አለ ሲባል ሰምተን ነበርና፣ ይሰነጥቁ እንደሆነም መጠየቅ ፈለግን።

ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድን። የተቀበሉን ኃላፊ ትሁት ሰው ናቸው፤ ውሃ ጋበዙን። የታሸገ።

«የስምጥ ሸለቆ ውሃ እኮ ድሮም ችግር አለበት» አሉን። «ይኸው፣ ጥርሳችሁ ምስክር ነው።»

እውነታቸውን ነው። በልጅነታችን የጠጣነው ውሃ ጥርሳችንን አበልዞታል። ፈገግ ብለን የነበርነው ሰዎች አፋችንን ገጠምን። ኦቦ ቱፋ ግን፣ «ልጄ፣ ጥርሳችንን ያበለዘውን ውሃ እናውቀዋለን፤ አብረን ነው ያረጀነው። ይሄኛውን ነው የማናውቀው» አሉ። ኃላፊው እናጣራለን ብለው ሸኙን።

ከዚያ ወደ ድርጅቱ በር አመራን። ጥበቃ ሆኖ የቆመው ቶላ ነበር፤ የኦቦ ቱፋ የልጃቸው ባል። ሲያየን ቆቡን አወለቀ።

«አካም ጂርቱ፣ አባ» አለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ማንንም እንዳላስገባ ታዝዣለሁ።»

ኦቦ ቱፋ በትራቸውን ተደገፉ።

«ልጄ እንዴት ናት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ደህና ናት። ወሯ ገብቷል።»

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ» ብለውት ዞሩ።

የኮሚቴው ወገብ የተሰበረው ያኔ ነው። ድርጅቱ አላስፈራራንም፣ አልሰደበንም። ቀጠረን እንጂ። የአንዱ ልጅ ሾፌር ሆነ፣ የሌላው እህት ምግብ አብሳይ ሆነች። በዱላ የመጣን መጣላት ይቻላል፤ በደመወዝ የመጣን ማን ይጣላል? ስብሰባው እየሳሳ ሄደ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ደግሞ እንዳዲስ ተወደደ። ሳታቋርጥ የምትመጣው ዘሃራ ብቻ ነበረች፤ ውሃውን በጄሪካን ይዛ ትመጣና እግሯ ሥር ታስቀምጠዋለች። ሽንኩርቱ ከከሰመ በኋላ ጉድጓዱን ጥልቅ አድርገን እናስቆፍረው ብላት፣ «ከእነሱ ጋር ቁፋሮ ልወዳደር?» አለችኝ። ፓምፑን ሸጠችው።

በአንዱ ጠዋት ሞተሩ ዝም አለ። ድርጅቱ የሚፈልገውን አላገኘም፤ ማማውን ነቅሎ፣ ሠራተኛውን በትኖ ሄደ። ቶላ የበሩን ቁልፍ የሚረከበው ሰው አጥቶ ኦቦ ቱፋ ቤት መጣ።

«አባ፣ አሁን መግባት ይቻላል» አላቸው።

ገባን። የቀረን ጥቂት ሰዎች ነበርን። ያገኘነው የሲሚንቶ ክዳን፣ ከመሬት ወጣ ብሎ የተቆረጠ ቧንቧና ጥቁር ላስቲክ የተነጠፈበት ሰፊ ኩሬ ነው። ኩሬው ውስጥ ከቁፋሮው የወጣ ወፍራም ግራጫ ጭቃ ተኝቷል። ላስቲኩ በአንድ ጎኑ ተቀዷል።

«ይሄ የተቀደደው መቼ ነው?» ብዬ ቶላን ጠየቅሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ከበሩ አልፌ ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዘሃራ ከቅዳዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «የኔ ውሃ የተበላሸው በዚህ ይሆን?» አለች። ላስቲኩ ገና ሲሠሩ ተቀዶ እንደሆነ፣ ወይ ሲነቅሉ፣ ማን ያውቃል? ለማወቅ ነበር እኮ እንግባ ያልነው፤ በጊዜው።

ስንወጣ ቶላ ቁልፉን በእጁ ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። አሠሪ የለው፣ የሚጠብቀው ዕቃ የለው።

«ቆልፈው» አሉት ኦቦ ቱፋ። «ዝናቡ ሲመጣ ከብት ገብቶ ከዚያ ኩሬ እንዳይጠጣ።»

ቆለፈው። ተቆጣጣሪ ኮሚቴያችን ወስኖ የተፈጸመለት ብቸኛ ውሳኔ ይኸው ነው።