የሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማ መሪ ዕቅድ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶች። በምን ዓይነት ጫማ እንደሚሄድ፣ ከሄደበት ሲመለስ የት እንደሚያወልቀው፣ ያወለቀውንስ ማን እንደሚያነሳለት ግን አባቶች የተዉልን ዕቅድ የለም። ይህን በትውልዶች መካከል ሳይሞላ የቆየ ክፍተት ለመሙላት የተነሱት አቶ ገላና ናቸው።

አቶ ገላና ስሙን በአክብሮት በማንጠራው መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። የሚኖሩት መሪ የሚባለው ሰፈር ነው። «መሪ የሚኖር ሰው ያለ መሪ ዕቅድ አይኖርም» ይላሉ። ሰዎች ይስቃሉ፤ እሳቸው የሚያስቀው ምን እንደሆነ አይገባቸውም።

ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው፤ ጠባብ ግቢ አለው፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ክፍል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጵርስቅላ ኮተቤ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላቸው፤ ሱቁን ዘግተው በቀጥታ ወደ ኳየር ልምምድ ይሮጣሉ። ልጃቸው ሩሃማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሚኒባስ ለመያዝ ጭቃ ውስጥ ስትጋፋ ውላ ትመጣለች። ወንድሟ ወንጌል በሳምንት ሦስት ጠዋት እንጦጦ ይሮጣል፤ ሲመለስም ከተራራው የተወሰነውን በጫማው ይዞ ይመለሳል።

በሰርቪሷ ውስጥ የሚኖሩት የአቶ ገላና አክስት እትዬ ወርቄ ናቸው። አቶ ገላናን ቀበና ወንዝ ዳር በነበረች ቤታቸው አሳድገው ለትምህርት ያበቁ እሳቸው ናቸው፤ ያቺ ቤት ለልማት ስትነሳ ነው እዚህ የመጡት። ክረምት በገባ ቁጥር የግቢው በር ሥር አሮጌ ጆንያ ያነጥፋሉ፤ ከጎኑ አንድ ባልዲ ውኃና ብሩሽ ያኖራሉ። ይህን እንዲያደርጉ ማንም አላዘዛቸውም፤ ስለዚህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልሰፈረም።

በሐምሌ ወር አንድ ማለዳ አቶ ገላና ወደ ስብሰባ ሲጣደፉ ኮሪደሩ ላይ የወንጌል ጫማ አደናቀፋቸው፤ ከጫማው ሥር በተኛው ኩሬ ላይም ቆሙ። የግራ ካልሲያቸው ረጠበ። ታላላቅ ሐሳቦች ከመከራ ይወለዳሉ ይባላል፤ ይህኛው ከእርጥብ ካልሲ ተወለደ።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ውጭ አገር ክፍል አለው» አለች ሩሃማ የዚያን ዕለት ስልኳን እያሳየች። «ቡት ሩም ይባላል። ሼልፉን፣ መቀመጫውን እየው፤ በጣም ኒት ነው።»

«ቡት ምንድን ነው?»

«ቦት ጫማ።»

«በዚህ ቤት ቦት ጫማ ያለው ሰው የለም።»

«ስሙ ነው እንጂ ለሁሉም ጫማ ነው አባዬ።»

«ስሙና ሥራው ካልተገናኘማ የአባትሽ ቢሮ ነው» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ ከኩሽና። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ አጠገባቸው ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ ድስቱ ምድጃው ላይ አብሮት ይዘምራል። ማሽኑ ሌላ ቦታ ስለሌለው ኩሽና ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ የኳየሩ ልብስ ሳሎን ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ዣንጥላዎቹ መታጠቢያ ቤት ያድራሉ።

አቶ ገላና ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚፈታ ተቋም አሰቡ። ስሙንም «ሁለገብ የጫማ ማውለቂያ ክፍል» ብለው ሰየሙት፤ በአጭሩ ሁጫማክ።

ሥራው በመነሻ ጥናት ተጀመረ። ሦስት ቀን የፈጀ ቆጠራ ተካሂዶ በቤቱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማና አንዲት ነጠላ የግራ ሸበጥ መኖራቸው ተረጋገጠ። ሸበጧ ግማሽ ጥንድ ትባል ወይስ ሙሉ ችግር በሚለው ላይ አባትና ልጅ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በሠንጠረዡ ግርጌ «በጥናት ላይ» ተብላ ተያዘች።

ቀጥሎ የልምድ ልውውጥ ተደረገ። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ጠሀ የሰባት ልጆች አባት ነው፤ ቤቱ ግን ጭቃ ገብቶበት አያውቅም ይባላል። አቶ ገላና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ሄዱ።

«ጫማችሁን የት ነው የምታወልቁት?»

«በር ላይ ነዋ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«እንገባለን።»

«የአሠራር ሂደቱን ነው የምጠይቅህ።»

«እሱ ነው ሂደቱ። ስንወጣ ደግሞ እናጠልቃለን።»

«አፈጻጸሙን ማን ይከታተላል? ሰባት ልጅ ነው ያለህ።»

«ማን ይከታተላል? ጫማ አድርጎ ምንጣፍ የረገጠ ጉዳዩ ከእናቱ ጋር ነው!»

አቶ ገላና በሪፖርታቸው «ልምዱ መልካም ሆኖ ሳለ በሰነድ ያልተደገፈ በመሆኑ ለማስፋት አያመችም» ሲሉ ደመደሙ።

ከዚያ የቦታ መረጣ ተካሄደ። ሦስት አማራጮች ቀረቡ። በረንዳው የቤቱን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ወደቀ። ጋራዡ ሞተሯ ከወረደ ዘመን ባስቆጠረች መኪና ተይዟል። የቀረው ሰርቪሱ ነው፤ በዚያ ያሉት ደግሞ እትዬ ወርቄ ናቸው። አቶ ገላና ሁለቱን በጥንቃቄ አመዛዘኑ። መኪናዋ አትንቀሳቀስም፤ እትዬ ወርቄ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ውሳኔው ሳይንሳዊ ነበር።

የባለድርሻ አካላት ምክክር ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ በሻይና በዳቦ ተከፈተ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሩሃማ ነበረች።

«እትዬ፣» አሉ አቶ ገላና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የልማት ተነሺ ነዎት።»

«አሁንም?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ለጊዜው ሳሎን ይቆያሉ። ቢበዛ ሁለት ሳምንት።»

«ከዚያስ?»

«ምትክ ቦታ ይመቻቻል።»

«የት?»

«በጥናት ላይ ነው።»

«ከዚያች ሸበጥ ጋር?» አለ ወንጌል፤ «ሥነ ሥርዓት!» ተባለ።

«ገላና፣» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ፣ «የሰው አልጋ አንስተህ ጫማ ልታስተኛ ነው?»

«አጀንዳው ላይ እንቆይ። ማሽኑ ከኩሽና እንዲወጣልሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ወይዘሮ ጵርስቅላ ወደ ኩሽናው አዩ። ከዚያ የእትዬ ወርቄን ዓይን ላለማየት ዳቦ መቁረስ ጀመሩ፤ ማንም ያልጠየቀው ብዙ ዳቦ ተቆረሰ።

እትዬ ወርቄ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ መነሳትን አውቀዋለሁ ልጄ። ከቀበና ስነሳ በቃል ነበር የነገሩኝ። ደህና ቃል ነበር፤ ሰሚውም እኔ ብቻ ነበርኩ። የዚህን ግን ጻፉልኝ።»

የአቶ ገላና ፊት በራ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ቃለ ጉባኤያቸውን ፈልጎ የጠየቀ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። በደስታ ተነስተው እየተንጎራደዱ አስጻፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ተራ ቁጥር አራት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደ መድረክ ተነፋ። «የልማት ተነሺዋ፣ ከልማቱ፣ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ይሆናሉ!»

«ምን ማለት ነው አባዬ?» አለች ሩሃማ።

«ምንም ማለት አይደለም። ሁልጊዜ የሚጻፍ ነው። ጻፊ።»

ሁሉም ፈረሙ። እትዬ ወርቄ ወረቀቱን በአራት አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኖሩት።

ሁለቱ ሳምንት አሥራ አንድ ሳምንት ሆነ። የዕቅድ ሰው ሳምንትን የሚቆጥረው በቀን ሳይሆን በምዕራፍ ነው። አልጋቸው ተፈትቶ ጋራዥ ከመኪናዋ ጎን ስለቆመ፣ እትዬ ወርቄ ሳሎን ሶፋው ሥር ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት ይጠቀልሉታል። ልብሳቸው ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ገባ። የድሮ ክፍላቸው መስኮት እንጦጦን ያሳይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከባሕር ዛፉ ላይ ሲነሳ ያዩ ነበር። የሳሎኑ መስኮት የጎረቤቱን ግድግዳ ያሳያል። የወለሉ ቅዝቃዜ ጉልበታቸው ውስጥ ገባ። ምንም አላሉም። አቶ ገላናም በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «ተነሺዋ ቅሬታ አላቀረቡም፤ ዝምታቸው እንደ እርካታ ተመዝግቧል» ብለው ጻፉ።

ግንባታው በዚህ መካከል ቀጠለ። ግንበኛው ፈዬራ የቁሳቁሱን ዝርዝር አንብቦ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ ለጭቃ ጫማ ነጭ ሴራሚክ?»

«ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው።»

«ምልክቱ ሊቆሽሽ ነው እኮ።»

«ፈዬራ፣ ሐሳብ የምንሰበስብበት ምዕራፍ አልፏል።»

ነጭ ሆነ። ወለሉም ግድግዳውም። ሠላሳ ሁለት ሳጥን ያለው መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ተገጠመ፤ በእያንዳንዱም ላይ «ገላና፦ ቢሮ»፣ «ጵርስቅላ፦ ኳየር»፣ «ወንጌል፦ ሩጫ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ለመቀመጫ ስፖንጅ ያለው አግዳሚ፣ ለእርጥብ ጫማ ማድረቂያ ደግሞ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገባ። የማሽኑ የውኃ መስመር ብቻ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተላለፈ፤ ማሽኑም ኩሽና ውስጥ ሆኖ እየዘመረ ይጠብቅ ተባለ።

ሁጫማክ በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ ተመረቀ። ሪባን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ወንድም ሰሎሞን በሩ ላይ ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ ወደዚህ ቤት የሚገባውን ሁሉ አሳርፈው» ብሎ ጸለየ። አቶ ገላና ንግግር አደረጉ።

«ጫማችን ለዘመናት በየበሩ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ሲረገጥ ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ግቢ አንድም ጫማ ያለ መጠለያ አያድርም!»

ጭብጨባ ሆነ። እትዬ ወርቄም አጨበጨቡ። የዚያን ቀን ፍራሻቸውን በጊዜ የጠቀለሉት የምርቃቱ እንግዶች ሶፋው ላይ እንዲቀመጡ ነበር።

ጭብጨባው ሳያበቃ የግቢው በር ተከፈተና ወንጌል ገባ። የዘገየ ዝናብ እንጦጦ ላይ አግኝቶታል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ነው። የመጀመሪያው ተገልጋይ ሆኖ በቀጥታ ወደ ሪባኑ አመራ።

«ቁም!» አሉ አቶ ገላና።

«ምነው?»

«ወዴት ነው?»

«ጫማ ላወልቅ።»

«በዚህ ጫማ?»

«ታዲያ በየትኛው ጫማ ልግባ አባዬ?»

«ሴራሚኩን አታየውም? አውልቀህ ግባ!»

«የጫማ ማውለቂያ ክፍል ለመግባት ጫማ ላውልቅ?»

«ውጭ! ውጭ አውልቅ!»

ወንጌል ተመልሶ የእትዬ ወርቄ ጆንያ ላይ ቆመና አወለቀ። እንግዶቹም መውጫቸው ላይ አንድ በአንድ ነጩን ክፍል ከደጅ ሆነው በአንገታቸው ብቻ ጎበኙ። ሰኞ በሩ ላይ መመሪያ ተለጠፈ፦ «ወደ ጫማ ክፍሉ የሚገባ ማንኛውም ሰው በቅድሚያ ጫማውን ያውልቅ። የወለቀ ጫማ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

መመሪያው በሚያስመሰግን ሁኔታ ተከበረ። ሠላሳ አንዱ ጥንድ ጆንያው ላይ ተከማቸ፤ አቶ ገላና በየማለዳው በካልሲ ገብተው ባዶውን መደርደሪያ እየተዘዋወሩ ይጎበኛሉ። አንድ የጣት አሻራ ካዩ በመሐረብ ይጠርጋሉ።

በሳምንቱ ፈዬራ የበሩን ማጠፊያ ሊያጠብቅ መጣ። አቶ ገላና ከቢሮ ሲመለሱ ማጠፊያው ጠብቋል፤ በሩ ተከፍቷል፤ በነጩ ክፍል ውስጥ የእትዬ ወርቄ አልጋ ተዘርግቷል። እትዬ ወርቄ አልጋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ማሞቂያው ዘርግተዋል።

«እትዬ፣ ይህ እኮ የጫማ ክፍል ነው!»

«ጫማ አለበት እንዴ?»

«የለበትም፣ ግን...»

«ታዲያ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም፤ ንጹሕ ነው።»

«እኔም ንጹሕ ነኝ።»

አቶ ገላና በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ጫማ አድርገው ስለነበር መመሪያው አላስገባቸውም። እትዬ ወርቄ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው በአራት የታጠፈውን ወረቀት ዘረጉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ተራ ቁጥር አራት። የልማት ተነሺዋ ከልማቱ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ይሆናሉ። ፊርማው ያንተ ነው።»

«እትዬ... ይሄ እኮ ሁልጊዜ የሚጻፍ ነው።»

«አዎ ልጄ። ሲነበብ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው።»

በዚህ መካከል ወይዘሮ ጵርስቅላ ከሱቅ ገቡ። ነገሩን ቆመው አዩት። ከዚያ ጫማቸውን ጆንያው ላይ አውልቀው፣ ከሳሎን ብርድ ልብስና ትራስ አምጥተው፣ በባለቤታቸው አጠገብ አልፈው ገቡና አልጋው ላይ አነጠፉ።

«ማሽኑስ?» አሉ አቶ ገላና የመጨረሻ ተስፋቸውን ይዘው።

«ኩሽና ይቆይ፤ ዜማውን ለምጄዋለሁ።»

እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን «ጵርስቅላ፦ ኳየር» በሚለው ሳጥን ውስጥ አኖሩ። መድኃኒታቸው «ወንጌል፦ ሩጫ» ውስጥ ገባ። ቃለ ጉባኤው ከነመጽሐፍ ቅዱሱ «ገላና፦ ቢሮ» ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እንጦጦም ባለበት አለ።

አቶ ገላና ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ከጆንያው በላይ የላስቲክ ጣሪያ አስወጠሩና የማጠቃለያውን ሪፖርት ጽፈው ጨረሱ፦ «ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ተጠናቅቆ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። የልማት ተነሺዎች ብዛት፦ ሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማና አንዲት ነጠላ ሸበጥ። ለጊዜው የግቢው በር ሥር ተጠልለዋል። ምትክ ቦታ በጥናት ላይ ነው። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ጫማ የለም፤ ዝምታቸው እንደ እርካታ ተመዝግቧል።»